ካልሲዬን አላወልቅም

ሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ መለማመጃ ሆኛለሁ። የልጅ ልጄ ነርስነት ትማራለች፤ የተግባር ፈተናዋ ደርሷል። የሰው ቆዳ፣ ፀጉርና ጥፍር እንዴት እንደሚመረመር አስተማሪዎቿ ፊት አሳይታ ማለፍ አለባት። የምትለማመድበት ሰው ፈልጋ መጀመሪያ እናቷን ጠየቀች። እናቷ፣ የእኔዋ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ላውንደሪ ውስጥ ቆማ ነው የምትውለው። «እኔን ተዪኝ እባክሽ፣ አባዬ አለልሽ አይደል? ምን ሥራ አለው?» አለች። የተመረጥኩት እንግዲህ በችሎታ አይደለም፣ በሥራ ፈትነት ነው።

እጇን ታጠበች፣ መጋረጃውን ገልጣ ብርሃን አስገባች፣ ነጭ ጋዋኗን ለበሰች። ጋዋኑ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ «አንተ» የነበርኩት ሰውዬ «እርስዎ» ሆንኩ።

«ጤና ይስጥልኝ አባት፣ ቆዳዎን፣ ፀጉርዎንና ጥፍርዎን ልመረምርዎት ነው። ይፈቅዱልኛል?»

ከማን ጋር እንደምታወራ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

«አባባ፣ አትቀልድ! ፈተና ነው!»

ፀጉሬን ልትፈልግ ራሴን ዳበሰች። «ካገኘሽው ንገሪኝ፣ እኔም ከጠፋብኝ ቆይቷል» አልኳት። መጨረሻ ላይ «አሁን ካልሲዎን ያውልቁልኝ» አለች።

«ካልሲዬን አላወልቅም። ብርድ ነው። ለዛሬ እጅ ይበቃሻል።»

ሳቀችና ወረቀቷን ሰበሰበች።

ማክሰኞ

ትናንት ያልጻፍኩት። ካልሲውን ያላወለቅኩት በብርዱ ብቻ አይደለም። ቀኝ እግሬ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ተረከዜ ጋ፣ አንዲት ጥቁር ነገር አለች። የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። እኔ ዕድሜዬን በጫማ ሰሪነት የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ የቆዳ ቀለም ያልነካው የሰውነቴ ክፍል የለም። ቀለም ነው። ቀለም ደግሞ አንዴ ከገባ ገባ ነው።

ሥራውን ከተውኩ ቆይቻለሁ እርግጥ። ቢሆንም።

ዓርብ

ዝናብ። ዳማ የለም።

ሲስተር ዛሬ ጥፍሬ ላይ ዋለች። ገና ሳትመረቅ እንዲህ ነው የምጠራት፣ ለማናደድ። የጣቴን ጥፍር ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ነጣ፣ ወዲያው ደግሞ ቀላ። «ደምዎ ቶሎ ይመለሳል፣ ጥሩ ነው» አለችኝ።

«በዚህ ቤት ከእናትሽ የሚፈጥን ነገር ተገኘ ማለት ነው።»

ሁለቱን ሌባ ጣቶቼን ጥፍር ለጥፍር አጋጥሜ እንድይዝ አደረገችኝና በመሃላቸው ወደ መስኮቱ አየች። ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ ክፍተት ካለ ደህና ነው አሉ። አለ። ከዚያ ከአንገቴ በታች ቆዳዬን ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረና ቀስ ብሎ ወረደ።

«ውሃ አይጠጡም ማለት ነው።»

«እጠጣለሁ። ቆዳው ነው ያረጀው። ተነስ ስትይው ይነሳል፣ ተቀመጥ ስትይው ግን ያስባል።»

እስክትጨርስ በሳቅ አደከምኳት።

«እሺ፣ አሁን እግር።»

«ጉልበቴን አሞኛል፣ ማጎንበስ አልችልም።»

«እኔ አወልቅልሃለሁ እኮ!» ጋዋን መልበሷን ረስታዋለች።

«ሽታውን ችለሽ ነው? ነርስ ሁኚ አልኩ እንጂ ሰማዕት ሁኚ አልኩሽ?»

ካሳቅኳት ትረሳለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት። ስትወድቅ ጉልበቷ እየደማ አስቃት ነበር፤ ያኔም ትረሳ ነበር።

እሑድ

ከሥራ ዕቃዬ የተረፈው ሳጥን ውስጥ ቤንዚን ነበረኝ። ቀለም በቤንዚን ነው የሚለቀው፣ ይህን ማንም ጫማ ሰሪ ያውቀዋል። በሩን ቆልፌ በጨርቅ አሸት አሸት አደረግኩት። ዙሪያው ጥርት አለ። እሷ ግን አልለቀቀችም። ቤንዚኑ ከርሟል መሰለኝ፣ ሽታውም ደክሟል።

ሌላ መግዛት አለብኝ። ቸኩዬ አይደለም።

ረቡዕ

«አባዬ፣ ይሄ ካልሲ ምን ነክቶት ነው?» ልጄ ናት፣ የቆሸሸ ልብስ እየለየች።

«ቀለም።»

«ቀለም እንዲህ አይደርቅም።»

ይህቺ ልጅ እድፍ ታውቃለች። ሥራዋ እሱ ነው፤ ሰው ሸሚዙ ላይ ምን እንዳፈሰሰ ሸሚዙን አይታ ትነግርሃለች። ከእሷ ጋር ስለ እድፍ መከራከር አያዋጣም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ካልሲዬን የማጥበው ራሴ ነኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ እያፏጨሁ።

ከወጥ ቤት ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«አባባ ካልሲ እያጠበ ነው» አለች ሲስተር።

«እሰይ! ሊያገባ ነው እንዴ?»

ተሳሳቁ። ከዚያ የልጄ ድምፅ ዝቅ አለ። «እናቴ በሕይወት እያለች መሀረብ አጥቦ የማያውቅ ሰውዬ» አለች። ሲስተር ምን እንደመለሰችላት አልሰማሁም፤ ቧንቧውን ከፍ አደረግኩት።

ሰኞ

ዳማ ተጫወትን። የዳማ ጓደኛዬ ጎረቤታችን ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጡረታ ወጥቶም ሰውን በመኪና ዓይን ነው የሚያየው። በሩ ድረስ ስሄድ ከኋላ አየኝና፣

«አንተ፣ ምን ሆነህ ነው? ፍሬኑ እንደነከሰ መኪና ወደ አንድ ጎን ትስባለህ።»

«አዲስ ጫማ ነው።»

«ጫማ ሰሪ ሆነህ ጫማ ይነክስሃል? ለሌላ ሰው እንዳታወራው።»

በእግሬ ጉዳይ ይህን ያህል ሰው አስተያየት እንደሚሰጥ አላውቅም ነበር።

ማታ። ወንድሜ ትዝ አለኝ። ትልቁ። እግሩ ላይ ቁስል ነበረችው፣ ትንሽ ናት ይል ነበር። በሁለት እግሩ ሐኪም ቤት ገባ፣ በአንዱ ወጣ። ከዚያ በኋላ የእሱን ጫማ ስሠራ ግራውን ብቻ ነበር የምሠራው። ግራውን ጨርሼ ሳስቀምጥ እጄ በልምድ ወደ ቀኙ ይሄድ ነበር። ይሄድና ባዶውን ይመለሳል። ሰው ደንበኛው ወንድሙ ሲሆን ያን እጅ የት እንደሚያስቀምጠው ይቸግረዋል።

ቁስሏን ብዙ አቆይቷት ነበር አሉ ሐኪሞቹ። እነሱ መቼም አንድ ነገር ማለት አለባቸው።

ሐሙስ

ሲስተር ጠረጴዛው ላይ ጮክ ብላ እያነበበች ነው። ቆዳ ላይ ጥቁር ነገር ሲገኝ ምን ምን ይመረመራል? ግማሹ ከግማሹ ጋር ይመሳሰላል ወይ? ዳሩ የተስተካከለ ነው ወይስ የተበላ? ቀለሙ አንድ ነው ወይስ የተቀላቀለ? እየሰፋ ነው ወይ? እየተለወጠ ነው ወይ?

የእኔዋ አንድ ቀለም ናት። ማለቴ መሃሏ ጥቁር ነው፣ ዳሯ ቡናማ፣ በጣቶቼ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ግን አጠቃላይ ሲታይ አንድ ነው።

«ስማ ይሄን አባባ» አለችኝ። «ቆዳቸው ጥቁር በሆነ ሰዎች ላይ ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር ላይ፣ መዳፍ ላይና ጥፍር ሥር ነው። ማንም የማያየው ቦታ! ለዚህ ነው የሚዘገየው።»

«ምሳ ዘገየ እንጂ ሌላ የዘገየ ነገር አይታየኝም።»

በኋላ ጋዋኗን ለብሳ ስትለማመድ እግር ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ መቼም አታወልቅም። እግር ደህና ነው ብዬ ልለፈው?»

«እለፊው።»

«እግር፣ ደህና ነው» አለች እንደ ተማሪ መዝሙር። ከእንግዲህ በየልምምዱ እንዲህ ነው የምንለው። ጊዜም ይቆጥባል።

ማክሰኞ

ትናንትም ዛሬም ተለማመደች። እንደ ውሃ ነው የምታወርደው። ፀጉር፣ ቆዳ፣ ጥፍር፣ እግር ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ አባት።

ካልሲው ዛሬ ተጣብቆ ነው የወጣው። ልብ አላልኩትም።

ሐሙስ

ነገ ፈተና። ጋዋኗን ልጄ ራሷ ተኮሰችላት፣ ክሩ እንኳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ ጫማዋን ጠረግኩላት። ቀለም እጄን ነካኝ፤ በሳሙና ታጠብኩት፣ ወዲያው ለቀቀ።

ዓርብ

ወደቀች።

ቅዳሜ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። አሁን ልሞክር።

ስትመጣ እኔን ሳታየኝ አልፋ ወጥ ቤት ገባች። ለእናቷ ስትነግራት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ያቀረቡላት በሽተኛ አንዲት አሮጊት ናቸው። ሲስተር ሁሉንም በደንብ ሠርታለች። ብርሃኑን አስተካክላለች፣ እጇን ታጥባለች፣ የእጅ ጥፍሩን ተጭናለች፣ ከጆሮ ጀርባ ሳይቀር አይታለች። ከዚያ ሴትዮዋ ካልሲያቸውን እንዳደረጉ፣ አስተማሪዎቹ ሁሉ እያዩ፣ «እግር፣ ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ እናት» ብላ ጓንቷን አወለቀች።

የሴትዮዋ እግር ጣቶች መሃል ቁስል ነበር። የተመረጡት ለዚህ ነበር።

መምህርቷ፣ «በካልሲ ላይ ነው ያየሽው? ያላየሽውን ነገር ደህና ነው የሚያሰኝሽ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ለምጄው ነው።»

«ማን ላይ ነው የተለማመድሽው?»

«አያቴ ላይ።»

«አያትሽ እግር የለውም?»

ክፍሉ ሙሉ ሳቀ አለች። እየነገረቻት ራሷም ሳቅ ብላ ነበር፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባት።

እናቷ፣ «ታዲያ እሱ ነዋ ያበላሸሽ!» ስትል ሰማሁ።

«እሱ ምን አደረገ እማዬ? ጥፋቱ የኔ ነው። ማየት ነበረብኝ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ የምላት ቀልድ አጣሁ። እኔ! ዘወትር ኪሴ ውስጥ የማላጣው ነገር። የድጋሚ ፈተና ሰጥተዋታል። ያን ካላለፈች ዓመቱን ትደግማለች።

አያትሽ እግር የለውም።

ሰኞ

መላ አገኘሁ። ሹፌሩን ጠራሁት። እግሩን እንዲያውሳት።

«እግሬን ነው የምትፈልገው? ሰው ለዳማ ነው የሚጠራኝ» አለ፤ ግን ደስ ብሎት ነው የመጣው፣ ታጥቦ፣ ሽቶም ተቀብቶ። አልጋው ላይ ተዘርግቶ እንደ ንጉሥ ሁለቱንም ካልሲ አስወለቀ። ሲስተር በጣቶቹ መሃል አየች፣ ተረከዙን ዳበሰች፣ ጥፍሮቹን ተጫነች። እግሩ የሕፃን እግር ነው የሚመስለው፤ ያ ሁሉ ዘመን መሪ ይዞ ተቀምጦ ነዋ።

በሩ ጋ ቆሜ ሳይ ነበር። እንዴት በጥንቃቄ እንደምትይዘው! ተረከዙን መዳፏ ላይ አሳርፋ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጋ። እኔ ጫማ እንዲያ ነው የምይዘው።

ሹፌሩ ካልሲውን እያጠለቀ፣ «የኔ ሰርቪሱ አልቋል፣ ያንተስ መቼ ነው?» አለኝ።

«የኔ መለዋወጫው አይገኝም» አልኩት።

ሲስተር አልሳቀችም። አየችኝ ብቻ።

ቅዳሜ

ዛሬ ከሰዓት ተቀመጥኩላት። መስኮቱ ጋ፣ ፀሐዩ ወደ ቤት ገባ ብሎ ነበር። ጀመረች። ፀጉር፣ ፊት፣ ዓይን፣ መዳፍ። ከጆሮዬ ጀርባ ስታይ ጆሮዬን ራሴ አጠፍኩላት። ጥፍር። እግር ጋ ስትደርስ አፏን ከፈተች፣ ያቺ «ደህና ነው» የምትለዋ ቃል ልትወጣ ስትል በእጇ ከንፈሯን ያዘች። ቃሏን አፏ ውስጥ የከተትኳት እኔ ነኝ።

«ሲስተር» አልኳት፣ «ግራው ነው የሚቀድመው ቀኙ?»

«ምኑ?»

«ካልሲው።»

ግራውን አወለቅኩ። በደንብ አየችው። «እንዴት ያለ ቆንጆ እግር ነው የሚደብቁት!» አለችኝ እየሳቀች። ቀኙን እሷ ያዘችው። አልወጣ አለ። ስታየው ተጣብቋል። ለብ ያለ ውሃ አምጥታ አረጠበችው፣ ጠበቀች፣ ቀስ ብላ ሳበችው።

ካልሲውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

ተረከዜን መዳፏ ላይ አሳርፋ ወደ መስኮቱ ዞር አደረገችው። ልክ ያን ቀን እንዳየሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው። የሥራ።»

ጥጥ አልኮል ነክራ በቀስታ ጠረገችው። ጥጡን አነሳችና እኔም እንዳየው ያዘችው። ነጭ ነበር። እኔ ቤንዚኑ ከርሟል ያልኩት ሰውዬ፣ ጥጡን ተቀብዬ ገለባበጥኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባት?»

ጥጡን መለስኩላት።

«አባባ። ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ክረምት። ያኔ እንኳ ነጥብ ነበረች።»

ማስመሪያዋን አውጥታ ለካችው። ቁጥሩን ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ጓንቷን አወለቀች፣ ጋዋኗን አወለቀች፣ ወንበሩ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቴን በቡጢ መታችኝ።

«ስንት ጊዜ ነው ያሳቅኸኝ!» አለች። «አንተ ሰውዬ! ስንት ጊዜ ነው ያሳቅኸኝ!»

ራሷን ያዝኩላት። ሲበቃት ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ ጋዋኗን መልሳ ለበሰች። «የጀመርኩትን ልጨርስ» አለችና የእግሬን ጥፍሮች አንድ በአንድ አየች።

ልጄ ከሥራ ስትመጣ ነገርናት። አልጮኸችም። «ደም መሆኑን አውቄ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ቀልድ ስትጀምር ማን ያስወራሃል?»

ረቡዕ

የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድን፣ ሦስታችንም። ወጣት ነው፣ ጫማው በደንብ ያልተሰፋ። አጉሊ መነጽር አድርጎ አየ፤ ብሽሽቴንም ዳበሰ፣ ያበጠ ዕጢ እንዳለ ሊያይ። አላገኘም። ከጥቁሯ ቁራጭ ወስዶ ወደ ምርመራ ላከ።

«ዶክተር» አልኩት፣ «ከእንግዲህ ለራሴ የምሠራው ጥንድ ጫማ ነው ወይስ አንድ እግር?»

ልጄ በክርኗ ጎሰመችኝ። ሐኪሙ አልሳቀም። «ማን ነው ያየው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ» አለች ሲስተር።

«ጥሩ አይተሻል።»

አንገቷን ደፋች። እኔም ደፋሁ።

ማክሰኞ

ውጤቱ መጣ። ቃሉን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል፤ ካንሰር ነው። ሐኪሙ ዙሪያዋን ካለው ሥጋ ጋር ቆርጦ ያወጣታል። ከጭኔ ቆዳ ወስዶ ተረከዜ ላይ ይለጥፋል። እግሩ አይቆረጥም። ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደሆነ አብሮ ይመረመራል፤ እስካሁን የሄደ አይመስልም፣ ግን «አይመስልም» ነው ያለው። ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆን ቀዶ ጥገናው ትንሽ ይሆን እንደነበርም ነገረኝ። እነሱ መቼም አንድ ነገር ማለት አለባቸው ብዬ ነበር። እውነቱን ነው።

ማጣበቂያ ምን እንደሚጠቀም ጠየቅኩት። ይሰፋል አለ። ስፌቱን ደርብ አልኩት፤ ተረከዝ ክብደት የሚያርፍበት ነው።

ዓርብ

ሲስተር አለፈች! ሰላምታዋን ሳትጨርስ ካልሲ አስወልቃለች አሉ። መምህርቷ እየፈረመች፣ «አያትሽ እግር አወጣ?» አለቻት።

«አወጣ» ብላታለች። ሌላውን አልነገረቻትም።

እኔ ነገ ሐኪም ቤት እተኛለሁ።

ሐሙስ

ሐኪም ቤት። ተቆርጣ ወጥታለች። ዳሩ ንጹሕ ነው አሉ፤ ከብሽሽቴ ለምርመራ የወሰዱት ዕጢ ውጤት ገና ነው፣ እንጠብቃለን። ቀኝ እግሬ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። እጄን ሰድጄ ጣቶቹን ቆጠርኳቸው። ሹፌሩ መጥቶ አየና «ጋራዥ ገባህ በቃ» አለኝ። ዳማውን ይዞ ነበር፣ አሸነፈኝ። የተኛ ሰው ማሸነፍ ምን ያኮራል!

ጠዋት አንዲት ተለማማጅ ነርስ መጣች። አዲስ ናት፣ ጋዋኗ የመደርደሪያ ሽታ አለው። እጇን ታጠበች፣ ፈቃድ ጠየቀችኝ። ግንባሬን ነካች፣ የእጄን ጥፍር ተጭና ለቀቀች፣ ከአንገቴ በታች ቆነጠጠችኝ።

«ቆዳው አርጅቷል» አልኳት። «ተቀመጥ ስትይው ያስባል።»

ሳቀች። ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች። ያን አሰባሰብ አውቀዋለሁ።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ አልጨረስሽም።»

«ምን ቀረኝ አባት?»

«እግር አለኝ እኮ» አልኳትና የግራውን ካልሲ ራሴ ጎንበስ ብዬ አወለቅኩት።

ተረከዜን መዳፏ ላይ አሳርፋ ወደ መስኮቱ ዞር አደረገችው። ብዙ ቆየች። አላስቸኮልኳትም።

ክፍሉ በእርግጥም ይበርዳል።